ለቤታችን የሚስማማ መጽሐፍ

ልጄን ከትምህርት ቤት ያወጣኋት ተናድጄ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ሌላ ሌላ ምክንያት እደረድር ነበር፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሁለተኛ ክፍል እያለች አስተማሪዋ እኔንና እናቷን ጠርታ፣ ልጅቷ ማንበብ ላይ ወደ ኋላ ስለቀረች በየቀኑ ከክፍሏ እየወጣች እንግሊዝኛ ከሚለማመዱ ልጆች ጋር ትማራለች አለችን። እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደች ልጅ! በእንቅልፏ በእንግሊዝኛ የምታወራ፣ በአማርኛ ስጠራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ፣ የእኔን አነጋገር እየሰማች በሳቅ የምትፈርስ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ለማጅ ተባለች። «ቤታችሁ የሚነገረው ሌላ ቋንቋ ስለሆነ ይሆናል» አለች አስተማሪዋ ፈገግ ብላ። ከንግግሯ ይልቅ ፈገግታዋ ደሜን አፈላው።

ደግሞ እኮ እኔ ራሴ አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ በመኪናዬ ሰው እያመላለስኩ ብኖርም፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች ከተማ ሕፃናትን ማንበብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንድ ዴስክ ላይ እየተጋፉ፣ አንዱን መጽሐፍ ለሦስት እየተሻሙ ያነበቡ ልጆች በእጄ አልፈዋል። ታዲያ ላይብረሪ አጠገብ እየኖርኩ፣ ወንበሩ ሞልቶ፣ መጽሐፉ ተርፎ፣ አንዲት የገዛ ልጄን ማስነበብ ያቅተኛል? ፈረንጆቹ ልጆቻቸውን እቤት ያስተምሩ የለ? ሕጉ ይፈቅዳል፤ የካውንቲው የትምህርት ቢሮ ሰው አልፎ አልፎ የልጅቷን ሥራ ከማየት በቀር የሚጠይቀኝ ነገር የለም። ይህንን ሁሉ ለሚስቴ አስረዳኋት። እሷ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሺፍት ትሠራለች፤ ጫማዋን እያጠለቀች ሰማችኝና «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ» ብላኝ ወጣች። ቢሆንም እምቢ አላለችም። እሷም ተናዳ ነበር።

መጽሐፍ መምረጥ እንዲህ መከራ መሆኑን ማን ነገረኝ? በእኛ ጊዜ መጽሐፍ የሚመርጠው መንግሥት ነው። በሳጥን ሆኖ ይመጣል፣ ዳይሬክተሩ ይፈርማል፣ አስተማሪው ከገጽ አንድ ይጀምራል፤ አለቀ። እዚህ ግን ካሪኩለም የሚሉት የማስተማሪያ መጽሐፍ እንደ ሸቀጥ ነው። በቁም ነገር የሚያስተምር አለ፣ በጨዋታ የሚያስተምር አለ፣ በሃይማኖት የሚያስተምር አለ፣ ምንም ሳያስተምር ያስተምራል የሚሉትም አለ። ላይብረሪ ውስጥ የተዋወቅኳት አንዲት አሜሪካዊት ነበረች። አምስት ልጆቿን እቤት የምታስተምር፣ መጽሐፍ በትንሽ ጋሪ እየጎተተች የምትዞር ደግ ሴት ናት። የቱን ልግዛ ብዬ ብለምናት «ለቤተሰባችሁ የሚስማማውን ምረጥ» አለችኝ። ሌላዋን ጠየቅኩ፣ ያንኑ አለችኝ። ኢንተርኔቱም ያንኑ ይላል። የእኛ ቤተሰብ ምን እንደሚስማማው ባውቅ ኖሮ ሰው እጠይቅ ነበር እንዴ?

የመጀመሪያው መጽሐፍ ወላጅ የሚናገረውን ቃል በቃል በቀይ ቀለም የጻፈ ነበር። ወደድኩት፤ አስተማሪ የሚያከብር መጽሐፍ መሰለኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን አቆመኝ። የፊደሏን ድምፅ ብቻ አውጣ፣ ከኋላዋ ምንም እንዳታስከትል ይላል። እንዴት ነው የማላስከትለው? እኔ «ብ» ስል ትንሽ ነገር ተከትሎኝ ይወጣል፤ አፌ የተፈታው በፊደል ነዋ። ልጄም እኔን ተከትላ ብ፣ ኣ፣ ት እያለች ሦስቱን ድምፆች ስትደረድር «ባት» መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ መርከብና በግ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መጡ። መጽሐፉ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ለልጅዎ ያሰሙ ይላል። በእኔ አፍ መርከቡም በጉም «ሺፕ» ናቸው። ልጄ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወረወርኩት።

ለሁለተኛው ሎረል የምትባል ከተማ ድረስ ነዳሁ። ልጆቻቸው ያደጉላቸው ባልና ሚስት አንድ ሙሉ ሣጥን መጽሐፍ በርካሽ ይሸጡ ነበር። ሲያዩት ዓይን የሚሞላ፣ ሥዕሉ የሚያሳሳ መጽሐፍ ነው። ጠዋት ጠዋት እናት ሶፋ ላይ ልጆቿን ሰብስባ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ ከዚያ ሁሉም ወጥተው ወፍ ያያሉ፣ ቅጠል ይሥላሉ፣ አባትየው እንጨት ይፈልጣል። በእኛ ቤት ጠዋት ማለት እናት ከሥራ ገብታ የምትተኛበት ሰዓት ነው። አፓርታማችን ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው። እኔና ልጄ ከሦስት ሰዓት እስከ ቀትር የምንማረው በሹክሹክታ ነበር። ጮክ ብላችሁ አንብቡ የሚለውን መጽሐፍ እንደ ሌባ እያንሾካሾክን አነበብነው። የፈለጥኩት እንጨትም የለም።

ሦስተኛው በኮምፒውተር ነበር። የጆሮ ማዳመጫ አደርግላትና እፎይ ብዬ ወጥ እሠራለሁ። መልስ በመለሰች ቁጥር ኮከብ ይሰጣታል፤ ልጄ ኮከብ በኮከብ ሆነች። በኋላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ መልሱ እስኪበራ ድረስ ሁሉንም በየተራ ትጫናለች እንጂ አታነብም። እንግዲህ ይኸ ሁሉ ሲሆን ክረምቱ ገብቷል፣ በረዶ ወርዷል፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከነበረችበት ፈቀቅ አላለችም።

የዚያን ሰሞን ነው የራሴ ዘዴ ትዝ ያለኝ። የራሴ አልኩ እንጂ የሁላችንም ነው። እንግሊዝኛ የተማርነው እንዴት ነበር? ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በላይ፣ በእርሳስ፣ በራሳችን ፊደል አነባበቡን እየጻፍን አልነበረም? እኔ የተማርኩት እንዲያ ነው፤ ያስተማርኩትም እንዲያ ነው። ደግሞ ልጄ ፊደል አሳምራ ታውቃለች። ገና አራት ዓመቷ ሳለ ሀሁን በዜማ አስጠንቻት ነበር፤ ከሀ እስከ ፐ አንድም አትስትም። እና ያንን የሎረሉን ሣጥን ፈትቼ፣ ኤርፖርት ተራ እስኪደርሰኝ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ከየመስመሩ በላይ በደቃቃ ጽሑፍ «ዘ ገርል ራን ቱ ዘ ባርን» እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ።

ተአምር ነው የሆነው። ልጄ አነበበች። ተንተባትባ አይደለም፣ እየፈሰሰላት ነው ያነበበችው። እኔ «ዘ» ብዬ የጻፍኩትን እሷ በፈረንጅ አፍ አስተካክላ ታነበዋለች። «በርድ» ብዬ የጻፍኩትን ሰምቼው እንኳን በማላውቀው ለስላሳ አነጋገር ትለዋለች። ይኸው፣ እንግሊዝኛውን እያየች እኔን ታርመኛለች ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለቤታችን የሚስማማው መጽሐፍ ተገኘ አልኩ። ያቺን ጋሪ ጎታች ሴትዮ ሳገኛት ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት፤ እሷም ከልቧ ደስ አላት። ሚስቴ እንኳን ከእንቅልፏ ነቅታ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማት ዓይኗ እንባ አቀረረ። በዚህ አገር ከተደሰትኩባቸው ወራት ሁሉ እነዚያን የሚያህል የለም።

በትንሣኤ ማግስት አሌክሳንድሪያ የሚስቴ አክስት ቤት ሄድን። አክስቷ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከመጡ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም አማርኛ አይሰሙም። እቤታቸው አንድ የአማርኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ነበር፤ ለልጅ ልጆቻቸው አስመጥተው ማንም ሳይከፍተው የቀረ ነው። ልጄ አነሳችና ከመጀመሪያው ገጽ አንበለበለችው። አክስቷ እልል አሉ። ጎረቤት ጠሩ። ልጅቷን አቅፈው እያገላበጡ ሳሟት፣ እኔንም መረቁኝ። «አንተ ነህ አባት ማለት፤ የእኛዎቹማ ጠፍተው ቀሩ» አሉኝ። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ጭንቅላቴ ጣራ ነካ።

ከዚያ አክስቷ ልጄን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ምን እንደሚል እንድትነግራቸው ጠየቋት። ልጄ ፊታቸውን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ አደረገች። ከማሳው ውስጥ ገብቶ እህል ስለበላ ወይፈን ነበር ያነበበችው። ማሳ አታውቅም፣ ወይፈን አታውቅም፣ በሬውን እንኳን የለየችው ከሥዕሉ ነው። አክስቷ ግን ቅር አላላቸውም፤ ሲውል ሲያድር ይገባታል አሉ። እኔም ይገባታል አልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ሚስቴ ከኋላ ወንበር ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች።

እዚህ አገር ልጆች ለውሻ ያነባሉ። ቀልድ አይደለም። ላይብረሪው ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ የሠለጠነ ትልቅ ውሻ ይዘው ይመጣሉ፤ ሰው ፊት ማንበብ የሚፈራ ልጅ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ለውሻው ያነብለታል። ውሻ አይስቅበትም፣ አያርመውም፣ አሪፍ ነገር ነው ይላሉ። ያቺ የአምስት ልጆች እናት ልጅህን አምጣት አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ። አገር ቤት ብናገረው ማን ያምነኛል? በኋላ ግን ደስ አለኝ። ልጄ ስታነብ ሌላ ሰው እንዲያይልኝ፣ በተለይም ፈረንጅ እንዲያይልኝ ፈለግኩ። ውሸት ምን ያደርጋል።

ልጄ ከመደርደሪያው ራሷ መጽሐፍ መረጠች። ከውሻው ጎን ቁጭ አለች፤ አንድ እጇን ጀርባው ላይ ጣል አደረገች። እኔ ራቅ ብዬ ከወላጆቹ ጋር ቆምኩ። ገጹን ገለጠች፣ አየችው። ሌላውን ገለጠች። ከዚያ ማውራት ጀመረች፤ ሲያዩአት የምታነብ ትመስላለች። ሴትዮዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ፣ ውሻው ተኝቷል። እኔ እንደ ሞኝ ፈገግ እያልኩ ቀስ ብዬ ከኋላዋ ቀረብኩ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ስለ አንድ የጠፋ ኮፍያ ነው፤ ልጄ የምታወራው ስለ ውሻና ስለ ልደት ነው። ሥዕሉን እያየች ከራሷ ትፈጥራለች።

ጎንበስ ብዬ የተጻፈውን አንብቢ አልኳት። ገጹን አየችው። ጣቷን ከቃሉ በላይ፣ ባዶው ነጭ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ መቼም አማርኛ የማይወጣት ልጅ፣ ጥርት ባለ አማርኛ «አባዬ፣ እዚህ ላይ አልጻፍክም» አለችኝ።

ምን ብዬ ልናገረው? ልጄ ለወራት አንድም የእንግሊዝኛ ፊደል አላነበበችም። ታነብ የነበረው የእኔን እርሳስ ነው። ያቺን ልስልስ አነጋገር ከመጽሐፉ አላገኘችውም፤ ከእኔ ፊደል ላይ አንስታ በሚያውቀው አፏ አስተካክላው ነው። የገዛ ቋንቋዋን እንግሊዝኛን በማይጻፍበት ፊደል ታነባለች፣ በፊደሉ የሚጻፈውን አማርኛ ደግሞ አትሰማም። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ያስተማርኳቸው ልጆች ከላይ የጻፉትን ሲለማመዱ እያጠፉት ነው የሄዱት፤ እነሱ እንግሊዝኛውን ከእኔ በቀር የሚሰሙበት ስላልነበራቸው ዓይናቸውን ጥለው የኖሩት የእንግሊዝኛው ፊደል ላይ ነው። ልጄ ግን የእኔን መስመር ካነበበች ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ይገባታል። ታዲያ ከሥሩ ያለውን የእንግሊዝኛ መስመር ምን ብላ ትየው?

ላጲስ ገዝቼ ሁሉንም አጠፋሁት። ጽሑፉ ሲጠፋ አሻራው ቀረ፤ ልጄ ወረቀቱን ወደ መብራት ዘንበል አድርጋ አሻራውን ስታነብ ያዝኳት። አዲስ መጽሐፍ አመጣሁ። የመጀመሪያውን የቀይ ቀለም መጽሐፍ ከቁም ሳጥኑ አናት አወረድኩት። የማልጽፍላት ለምን እንደሆነ አልገባትም፤ ጥፋት የሠራች መሰላት። ይቅርታ እያለች ታለቅሳለች፤ እኔ እየተናደድኩ እንዳልተናደድኩ አስመስላለሁ። በሹክሹክታ መቆጣት እንደሚቻል የዚያን ጊዜ ተማርኩ። አንድ ቀን ግን ሹክሹክታው አመለጠኝ፣ ጮኽኩ። ሚስቴ ከተኛችበት ተነስታ መጣች። መጽሐፉን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ልጅቷን ወደ መኝታ ቤት ላከቻት፣ በሩን ዘጋችው። እሷ ግን አልጮኸችም።

«ልጄን ሁለት ያጣ ጎመን አደረግካት» አለችኝ። «ተዋት። እኛ እንደምንም ኖረናል፤ እሷን ተውልኝ።»

መልስ ነበረኝ፤ እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። አስተማሪዋ ያን ቀን ፈገግ ባትል፣ ያንን ሺፍት ባትሠሪ፣ ግድግዳው ስስ ባይሆን ልላት ነበር። እውነት ነው፣ ደግሞም ምንም አይረባም።

በመስከረም ወደ ትምህርት ቤት መለስናት። አንድ ክፍል ዝቅ አደረጓት። የንባብ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ከዚያም ወርዳ ከትንንሾቹ ጋር ትቀመጣለች፤ ጉልበቷ ከጠረጴዛው በላይ ይሆናል። አዲሷ የንባብ አስተማሪ ጥሩ ሰው ናት፤ እንደ ፊተኛዋ ልናደድባት ብፈልግ አልሆነልኝም። የሆነውን ሁሉ ስነግራት በትኩረት ሰማችኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይታ እንደማታውቅ፣ ለመስተካከሉም ቀን መቁረጥ እንደማትችል ነገረችኝ። ከዚያ ልጅቷ ባለችበት፣ ቃሏን እየመረጠች፣ ለጊዜው ማንበብን በተመለከተ እቤት ማንም ባይረዳት እንደሚሻል ነገረችኝ። ማንም ያለችው እኔን ነው። አስተማሪ እንደነበርኩ አልነገርኳትም።

ይኸው አሁን ሦስተኛው ወር ነው። አንዳንዴ ያወቀች ትመስላለች፤ በማግስቱ ሁሉም ይጠፋባታል። ትምህርት ቤቱ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋታል እያለ ነው፤ ምናልባት ከመጀመሪያውም እኔ ያላመጣሁት ሌላ ነገር አለባት ይሆናል ይላሉ። ሚስቴ ያን ሰምታ እኔን ለማጽናናት ሞከረች። አልተጽናናሁም። ያ ከሆነማ ጭራሽ መድኃኒት የሚያገኙላትን ሰዎች ትቼ ነው እጇን ይዤ የወጣሁት። ተስፋ ቆርጫለሁ ማለት ያስፈራኛል፤ ግን ጠዋት ጠዋት አውቶቡሷ ላይ ስትሳፈር ሳያት የሚሰማኝ ሌላ ስም የለውም።

ትናንት ከትምህርት ቤት መጥታ አንዲት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እናቷ ተኝታለች። ወንበር ስቤ ልቀመጥ ስል ወረቀቱን በሁለት እጇ ሸፈነችው። ከዚያ አሳዘንኳት መሰለኝ፣ እጇን አነሳችና በእንግሊዝኛ፣ በዝግታ፣ እኔ እንድሰማት አድርጋ ተናገረች።

«መቀመጥ ትችላለህ» አለችኝ። «ብቻ እንዳትነግረኝ።»

ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋ ቃል ሦስት ፊደል ናት። ልጄ ጣቷን ከሥሯ አደረገች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አንዱን ድምፅ አወጣች፣ ሁለተኛውን አወጣች፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ጠፋባት። እንደገና ጀመረች። ቃሏ «ዋዝ» ነበረች። ለእኔ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፤ እጆቼን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኩ። ልጄ ለረጅም ጊዜ አየቻት፣ ከዚያ አለፈቻትና ወደ ሁለተኛዋ ሄደች።